አንድ ቁልፍ በመሃል

ሻምበል ወንዳፍራሽ ሥዕል አይሆንለትም፣
ፈረስ ጀምሮ ወንበር ይወጣዋል፣ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፤
ስለዚህ ዓርማውን በቃል ጻፈልኝ
ከመዝገብ በገነጠለው ወረቀት፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ ከበራፉ ላይ ቆሞ፦

«መደቡ ቀይ ይሁን። ዙሪያው ጥቁር ጠርዝ።
ከላይ ነጭ ሚዛን፣ ወዴትም የማይጋደል።
ከታች የጀጎል ግንብ፣ አምስት በር ያለው
(ስድስተኛውን ተው፣ እሱ ለመኪና ነው)።
አንድ ቁልፍ በመሃል።
ከግርጌው ሁለት ፊደል፦ ወ እና ፖ።
አርባ ፍሬ። እስከ ዓርብ።»

ይዤው ወረድኩ ወደ መኪና ግርግር፣
ሲንጀሩ በየደጁ ድንጋዩን ወደሚያናግር፤
ገና ዓርማ የሌለው ቀይ ጨርቅ ክንዴ ላይ አይተው
ሰፊዎቹ እግራቸውን ከፔዳል ላፍታ አነሱ፣
ሳልፋቸው መልሰው ረገጡ።

አው አብዶሽ ወረቀቱን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየው፣
መርፌ በከንፈሩ ነክሶ አንድ ጊዜ አነበበው፣
ዋጋ ነገረኝ። ሌላ አልጠየቀኝም፣
እኔም አላብራራሁ።

ዓርብ ስመጣ አርባው ተደርድሯል።
ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፋላና፣
እያንዳንዱ ቅስት በስድስት ስፌት ተከፍቷል፤
ሚዛኑ ቀጥ ብሏል፤
ከመሃል ደግሞ፣ ልክ በታዘዘው ስፍራ፣
ክብ፣ ነጭ፣ አራት ቀዳዳ ያለው
የሸሚዝ ቁልፍ።
ዓርማውን ከክንድ ጨርቁ ጋር ያያዘው በሱው ነበር።

የሻምበል የአንገቱ ሥር ተገተረ፦
«ቁልፍ ማለት የበር! ብረት! የሚዘጋ!»
«የልብሱም ይዘጋል» አለ አንዱ ከኋላ፣
ማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም፤
ሰልፉ ሳቁን ዋጠ።
ገንዘቡ ግን ወጥቷል፣ ሰኞ ጄኔራል ይመጣል፣
አርባችንም አሰርነው።

ጄኔራሉ ክንዴን ይዞ ጎንበስ አለ፦
«ይሄ ክብ ነገር ምንድነው?»
ሻምበል ዓይኑን ሳያርገበግብ፦ «ጋሻ ነው ጌታዬ፣
አራቱ ነጥብ አራቱ ማዕዘን።»
«መልካም» ብሎ አለፈ።
ምልክት እንዲህ ነው የሚፈታው፤
ቀድሞ ይሰፋል፣
ትርጉሙ ሮጦ ይደርስበታል።

ሐምሌ ላይ አንድ ወታደር አመጡልኝ፣
ኢብሳ ኡመሬ፣ ፈቃዱን ዘጠኝ ቀን ያሳለፈ፤
ከሂርና በጭነት መኪና፣ በራሱ እግር የመጣ።
«የእኅቴን ቤት ቆርቆሮ ስመታ ነው» አለኝ፣
«ዝናቡ ቀደመኝ። ሦስት ሉህ ቀረኝ።
ሦስቱን መትቼ ልመለስ?»

ቀበቶውን ፈታሁ፣ የጫማውን ክር ፈታሁ፤
እኛ ዘንድ እስረኛ እንዲህ ነው የሚፈታው።
ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተከፍቷል፣
አንድ ቁልፍ የቆርቆሮ ጠርዝ ነጥቆታል።
ደንቡ ይላል፦ ላልተቆለፈ ልብስ ሁለት ቀን ጭማሪ።
እሱ ግን ክንዴን አየ፣ ተጠግቶ አየ፣
ሳቀ፤ የጠፋበት ዕቃ
ሰው እጅ ሲገኝ እንደሚሳቀው።
«አስር አለቃ» አለኝ፣ «ቁልፌን አንተ ይዘኸዋል።»

በወገቤ የብረቱ፣
በክንዴ የክሩ፣
የትኛውን እንዳለኝ ሳልጠይቅ
በሩን ዘጋሁት።

ሌሊት ጣራችን በዝናብ ሲደበደብ
ሲቆጥር ሰማሁት፤
በሦስት ሉህ ክፍተት ስንት ጠብታ ይገባል።
ከራሴ ሸሚዝ፣ ቀበቶ ከሚሸፍነው፣
አንዷን በጥሼ በበሩ ሥር አንከባለልኩለት፤
ክር አስከተልኩ። መርፌ ክልክል ነው፤
መርፌም አስከተልኩ።
ከዚህ በላይ አላደረግሁም።
ሃያ አንድ ቀኑን ጨርሶ ወጣ፣
የእኅቱ ቤት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በዓመቱ ሌላ ዓርማ ከበላይ መጣ፤
አንበሳ አለው፣ ቁልፉም ባለ ሦስት ጥርስ፣ የማያሳስት።
የድሮውን በምላጭ ተረተርኩት።
ጨርቁ ዙሪያውን በሐረር ፀሐይ ገርጥቷል፣
ዓርማው የነበረበት ብቻ ቀይ እንደሆነ ቀርቷል፣
መሃሉ ላይ አራት ቀዳዳ።

ወርጄ ዘረጋሁለት።
«አው አብዶሽ፣ ያኔ አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?»
ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሳ፣
በቀዳዳዎቹ መንገዱን አየ፣ እኔን አየ፣
መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ
«ይጣፍ ወይስ ይቅር?» አለኝ።